ወንዙ የመለሰው ሰው

አስከሬኑን ያገኙት ማሽላቸውን ከዝንጀሮ የሚጠብቁ ባልና ሚስት ናቸው። ከድልድዩ በታች፣ ዓባይ ጎኑን አስፍቶ ቀስ በሚልበት ቦታ፣ ብርቱካናማ ነገር በቄጠማው መካከል ሲዋልል አዩና መጀመሪያ ጀሪካን መሰላቸው። ባልየው በዱላው ሊጎትተው ሲጠጋ እጅ አየ። ዞር ብሎ የሚስቱን ዓይን በመዳፉ ሸፈነ።

ኢንስፔክተር የትምወርቅ ከመካነ ሰላም ተነሥታ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዳ ስትደርስ አስከሬኑ ከውኃው ወጥቶ በግራር ጥላ ሥር ተጋድሟል። ጋቢ አልብሰውታል። ከደጋው ስትነሳ ካፖርት ደርባ ነበር፤ እዚህ ቆላው ላብ በላብ አደረጋት። ካፖርቱን አውልቃ ተንበረከከችና ጋቢውን ገለጥ አደረገችው።

«አበጋዝ ነው» አለ ሳጅን ይሄነው ከኋላዋ ቆሞ። ድምፁ ሰለለ። «የጀልባው መሪ።»

አበጋዝን የማያውቅ ሰው መካነ ሰላም ውስጥ አልነበረም። እንደ ብዙዎቹ የአገሩ ልጆች በባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ገብቶ፣ ተባርሮ የተመለሰ ነው። ከተመለሰ በኋላ ጀልባ መቅዘፍ ተማረና ከአዲስ አበባና ከደሴ የሚመጡ እንግዶችን በጎማ ጀልባ እያሳፈረ፣ በሽሎ ከዓባይ ከሚገናኝበት እስከ ድልድዩ ያወርድ ጀመር። እንግዶቹ ለጉዞው የሚሰጡት ሁሉ ደንቆሮ የተባለውን ጫካ ለሚጠብቀው የአካባቢው ማኅበር ይውላል። ኮሶውና ጥዱ እንዳይመነጠር፣ ጭላዳው ማደሪያ እንዳያጣ በሚል የተጀመረ ጉዞ ነው። የ2011 ጥቅምት ጉዞ ላይ ግን መሪው ማለዳ ከሰፈሩበት ጠፋ። እንግዶቹ ሲፈልጉት ውለው አጡት፤ በማግስቱ ወንዙ ራሱ መለሰው።

የትምወርቅ የመንሳፈፊያ ሰደርያውን ማሰሪያ ትመረምር ነበር። ሰደርያው ፊት ለፊት በፕላስቲክ መቆለፊያዎቹ ተቆልፏል። ያ አልበቃ ብሎ፣ በቅቤ የለሰለሰ የቆዳ መጫኛ፣ ለበቅሎ ጭነት የሚሆነው ዓይነት፣ ደረቱን ዞሮ በጭኖቹ መካከል አልፎ ጀርባው ላይ ተቋጥሯል። ሰደርያው በጭንቅላቱ በኩል ሾልኮ እንዳይወጣ ነው።

«ይህን ራሱ አላሰረውም» አለች። «ቋጠሮው ከኋላ ነው።»

ይሄነው ጎንበስ ብሎ አየ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ አልገባኝም። ገድሎ ወንዝ የጣለ ሰው ሬሳው እንዲጠፋለት ነው የሚፈልገው። ዓባይ ደግሞ ከወሰደ አይመልስም፤ አዞም አለ። ይሄ ሰውዬ ግን እንዳይሰጥም ብሎ አጥብቆ አስሮታል። ሊደብቀው የፈለገ ሰው ለምን ያንሳፍፈዋል?»

 ጥያቄው የትምወርቅ ላይ እንደ እሾህ ተሰካ።

*

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቃሉን መጥኖ የሚናገር።

«ሳንባው ውስጥ ውኃ የለም። ወንዝ ሳይገባ ሞቷል ማለት ነው። ማጅራቱ አካባቢ አንድ ምት አለ፤ ከባድ። በዱላ አይደለም። ሰፊና ሻካራ ነገር ነው፣ እንደ ድንጋይ።»

«ተመትቶ ነው ወይስ ወድቆ?»

«ወደ ኋላ ወድቆም ሊሆን ይችላል። አንገቱ ላይ ግን የጣት ምልክት አለ። ሰው ይዞት ነበር።»

የአበጋዝ እናት ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። የትምወርቅ ስትወጣ እጇን ያዘቻት። «ልጄን ስላገኛችሁልኝ አላህ ይስጣችሁ» አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ይህ ምስጋና ከለቅሶ ይልቅ የትምወርቅን ረበሻት።

*

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዓባይነህ ከእንግዶቹ ጋር ሆቴል አርፏል። ሰውነቱ ደልደል ያለ፣ ጸሐይ አፍንጫውን የላጠው ሰው ነው። የትምወርቅ ገና ሳትቀመጥ ተናገረ።

«ከአበጋዝ ጋር መጣላታችንን ነግረዋችኋል። አልክድም።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በፊልም። ለጫካው ማስተዋወቂያ ስንቀርጽ፣ ጀልባዎቹ በግራ በኩል፣ ውኃው በሚያጓራበት እንዲያልፉ ፈለግሁ። እሱ አይሆንም አለ። ‹ሰው ሞቶ የሚለማ ጫካ የለም› አለኝ፣ በእንግዶች ፊት። ተናደድኩ፤ እኔም አፌን አልሰበሰብኩም።» ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «ጫካው ከዳር ከዳሩ እየተበላ ነው፣ ኢንስፔክተር። ሰው ካላየው የሚያዝንለት የለም ብዬ እንጂ…»

«ጎህ ሲቀድ የት ነበሩ?»

«ድንኳን ውስጥ። ከሁለት እንግዶች ጋር ነው ያደርኩት። ማንኮራፋቴን ይመሰክሩልኛል፤ ሲያማርሩኝ ነው የነቃሁት።»

እንግዶቹ ሲጠየቁ ቃል በቃል ያንኑ አሉ። ጎህ ሲቀድ ከዚያ ድንኳን የወጣ ማንም የለም።

«ሞላን ጠይቂው» አለ ዓባይነህ ሲሸኛት። «ገደሉ አፋፍ ላይ የሚኖረውን ጣውላ ነጋዴ። ባለፈው ክረምት ጥድ ሲያስጭን ያስያዘው አበጋዝ ነው። ገበያ መሐል ቆሞ ‹አንተን ዓባይ ነው የሚበላህ› ብሎ ዝቶበታል። የሰማ ብዙ ነው።»

*

ከእንግዶቹ መካከል በጣም የተናወጠችው አሚራ ናት፤ ደሴ በነርስነት የምትሠራ። የመጀመሪያው ቀን ጀልባው ሲያንገጫግጭ ወድቃ ወንዙ ይዟት ሄዶ ነበር። ያወጣት አበጋዝ ነው።

«አንገቱን አነቅሁት» አለች ሻርፗን በጣቶቿ እየጠቀለለች። «አልለቅም አልኩ። እሱ ዝም ብሎ ወደ ታች ሰመጠ። እኔ አየር ፈልጌ ለቀቅሁት። ከዚያ ከኋላዬ ብቅ አለና በሰደርያዬ ይዞ አወጣኝ። ሊገድለኝ ነው ብዬ ነበር፣ ወላሂ።»

«በኋላ ምን አለሽ?»

«ማታ እሳት ዙሪያ ተቀምጠን ለሁላችንም አስረዳ። የሚሰጥም ሰው የያዘውን አይለቅም፤ አብራችሁ እንዳትሞቱ መጀመሪያ ስመጡ፣ ሲለቃችሁ ከኋላ ያዙት አለ። ‹ይህን የተማርኩት ባሕር ላይ ነው› አለ። ወደ የመን ሲሻገሩ ጀልባቸው ተገልብጦ አንዲት ልጅ ያዘችው። ግራ እጇ አራት ጣት ብቻ ነበረው፤ ‹አራት ጣት እንደዚያ ሲጠብቅ አላየሁም› አለ። ሰመጠ፤ ለቀቀችው። ከዚያ ሊይዛት ዞሮ ሲፈልግ የለችም።» አሚራ እንባዋን ዋጠች። «ሲያወራ ሲፎክር እንዳይመስልሽ። የራሱን እጆች ነበር የሚያየው። አንዱ ሳህን ጣለና ደንግጠን ሳቅን፤ ወሬው በዚያው ቀረ።»

«ለእንግዳ ሁሉ ያወራዋል ይህን?»

«ዓባይነህ እንዳለው ከሆነ በየጉዞው። እንደ ትምህርት።»

የትምወርቅ አመስግናት ወጣች። ይህ ወሬ ለሟቹ አዘኔታዋን ጨመረው፤ ለምርመራው ግን የሚጠቅም አልመሰላትም።

*

ወደ ሰፈሩበት ቦታ የወሰዳት አህመዲን ነው። የዚህ ጉዞ ስንቅና ዕቃ በእሱ በቅሎዎች ከደጋ ይወርድ ነበር። ረጋ ያለ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ከማኅበሩ ጋር ሲሠራ የመጀመሪያው ነው። ለየትምወርቅ ገራሟን በቅሎ ሰጥቶ እሱ በእግሩ ፊት ፊት ሄደ፤ ይሄነው ከኋላ ተከተለ። ብዙ አልተናገረም። ገደሉ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ ግን ሳይዞር ጠየቃት።

«ቀበሩት?»

«ትናንት ከዙሁር ሶላት በኋላ።»

«እናቱ አየችው?»

«አየችው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ፤ የበቅሎዋን ልጓም አንዴ ጠበቅ አድርጎ ለቀቀው።

የወንዙ ዳር አሸዋ ነው። ድንኳኖቹ አሁንም አልተነሡም። የአበጋዝ ቀይ ሰደርያ፣ ፊሽካውና ቢላዋው እንደተንጠለጠሉበት፣ ግራሩ ላይ ተሰቅሏል። የትምወርቅ ቆማ አየችው።

«እሱን አልለበሰም እኮ። ብርቱካናማው ከየት መጣ?»

«ትርፍ ነው። በቅሎ ጭነት ውስጥ ነበር» አለ አህመዲን። «ከረጢቱን ማንም ይከፍተዋል።»

ከሰፈሩ ወደ ላይ፣ ውኃው ከሚያጓራበት ፊት ለፊት፣ ትልቅ ጥቁር ቋጥኝ አለ። ከቋጥኙ ሥር አንዱ ድንጋይ ላይ ውኃ ያልደረሰበት ጥቁር ነጠብጣብ ደርቋል። ከዚያ ሁለት የተረከዝ መስመሮች አሸዋውን ሰንጥቀው ወደ ወንዙ ወርደዋል። ዳር ላይ ይቆማሉ። እዚያ አካባቢ አሸዋው ተረጋግጧል፤ ሰው ቆሞ የተንቆራጠጠ ይመስላል።

ይሄነው ከነጠብጣቡ የፋቀውን በመሐረብ እየጠቀለለ፣ «መጫኛ ያለው፣ ቂም ያለው፣ ደግሞ ገደሉን በጨለማ የሚወርድ ሰው» አለ። «ሞላ ነው እንጂ ሌላ ማን ይሆናል?»

አህመዲን ራቅ ብሎ በቅሎዎቹን ውኃ ያጠጣ ነበር። ወደ ቋጥኙ አንድ ጊዜም አልመጣም።

*

ሞላን ከቤቱ ሲያመጡት ግቢው ውስጥ አራት በቅሎና ግድግዳ ሙሉ መጫኛ ተገኘ። ጠፍሩ አስከሬኑ ላይ ከተገኘው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ያንዱ ቆዳ ፋቂ ሥራ። የት እንደነበር ሲጠየቅ አንገቱን ደፋ።

«አልናገርም።»

«ዝተህበታል።»

«ዝቻለሁ።»

«ታዲያ ያን ዕለት የት ነበርክ?»

«አልናገርም አልኩ። ከፈለጋችሁ ስቀሉኝ።»

ከተማው ደስ አለው። ገዳዩ ተያዘ ተባለ፤ አዛዡም ደውሎ «ጨርሺው እንግዲህ» አላት። የትምወርቅ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሞላ ጠልቶት ገደለው እንበል። የጠላውን ሰው በጨለማ አሸዋ ላይ ተንበርክኮ፣ ሰደርያ አልብሶ፣ እናቱ ዘንድ እንዲደርስ አጥብቆ ያስረዋል? ጥላቻ እንዲህ አይደክምም።

በማግስቱ የሞላ ሚስት ንግሥቴ ጣቢያው በር ላይ ቆማ ተገኘች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። የትምወርቅ ወደ ውስጥ አስገብታ በሩን ዘጋችላት።

«ደሴ ነበር» አለች ንግሥቴ በሹክሹክታ። «ልጃችን ከጂዳ ተመለሰች። ሄዳ የተመለሰችው ግን እሷ አይደለችም እህቴ፤ ራሷን አታውቅም። ከአውሮፕላን ጣቢያ አምጥተው ደሴ መጠለያ አስገቧት። እሱ አጠገቧ ነው የሰነበተው። ለሰው እንዳልናገር በማርያም አስምሎኛል።»

የትምወርቅ መጠለያው ደወለች። ሞላ ልጁን አቅፎ በር ላይ ሲተኛ ዘበኛውም ነርሶቹም አይተውታል፤ ከመጣበት ቀን እስከሄደበት አልተለየም።

ልትፈታው ስትገባ ነገረችው። ትልቁ ሰውዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ልጁ አበደች ከሚሉኝ ገዳይ ነው ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር» አለ።

«አብሽር፣ አይዞህ፣ ትድናለች» አለችው፤ እሱም እንዳላመናት ገባት።

*

የቀሩት መጫኛዎች የአህመዲን ናቸው። ለደንቡ ያህል ላያቸው ብላ ነው የትምወርቅ ወደ ቤቱ የሄደችው። ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ነው። ይሄነው ከኋላዋ ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የደጋው ብርድ ቤቱ ውስጥ እንደልቡ ይገባል።

እናቱ ሙሉሐረግ መሬት ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። የደንብ ልብሱን ስታይ ባቄላው ከጭኗ ተደፋ።

«መጡ? ከባሕሩ ወሬ መጣ?»

የትምወርቅ አልገባትም። «እትዬ፣ እኛ የመጣነው…»

«ቆዩ፣ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ምልክቷን እንዳትረሱ።» አሮጊቷ ግድግዳ ይዛ ተነሣች። ብዙ ጊዜ የተናገረችውን ነገር የምትደግም ሰው አነጋገር ነበር። «ልጄ ሱሀይላ ትባላለች። ቁመቷ እንደ አንቺ ነው። ግራ እጇ አራት ጣት ነው፤ መሐል ጣቷ የለም። በልጅነታቸው ከወንድሟ ጋር ሣር ሲያጭዱ በማጭድ ሄደ። ፊቷ በጨው ውኃ ቢበላሽ እንኳ በእጇ ታውቋታላችሁ። ጣቷን እዩ፤ እሷ ናት።»

የትምወርቅ ወደ አሮጊቷ ጠጋ አለች።

«የሄደችው በየት ነበር እትዬ?»

«በጅቡቲ። ጀልባዋ ተገለበጠች አሉ፣ አልተገለበጠችም አሉ። አንዱ ሳዑዲ አየኋት ይላል፣ አንዱ አላየኋትም። አላህ ያውቃል። ሞታለች ብዬ ሶደቃ አላወጣሁ፤ አለች ብዬ አልደሰትኩ። በሩን ለዚያ ነው የማልዘጋው፤ በሌሊት ብትመጣ እንዳታንኳኳ።» ወደ ይሄነው ዞረች። «ምነው ዝም አላችሁ? አግኝታችኋት ነው?»

ይሄነው ወደ የትምወርቅ ተመለከተ። የትምወርቅ አሮጊቷን ደግፋ አስቀመጠቻትና የተበተነውን ባቄላ መልቀም ጀመረች፤ ፊቷን ለመደበቅ ነው።

«አህመዲን የት ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«ከለቅሶ ቤት። ያ ልጅ መቀበሩን ከሰማ ጀምሮ እዚያው ነው፤ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል። ልጄ ሆደ ቡቡ ነው፣ ሰው ሲሞት አይችልም።»

*

የአበጋዝ እናት ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። አህመዲን ማሰሮ ተሸክሞ ከምንጭ ሲመለስ የትምወርቅን በሩ ላይ አያት። ማሰሮውን አንዲት ጠብታ ሳያፈስ አወረደ። እጆቹን በኩታው ጠርጎ ወደ እሷ መጣ።

«ከቤት መጣችሁ?»

«ከቤት። እናትህ የሱሀይላን ምልክት ነገሩን።»

ራሱን ነቀነቀ። ከአጥሩ ጀርባ፣ ቅንጭቡ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ይሄነው ሊያስረው ሲጠጋ የትምወርቅ በዓይኗ ከለከለችው።

«ጣቷን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ አህመዲን። «ሣር እያጨድን። ለአባቴ ራሴ ነው የቆረጥኩት ብላ ዋሸችልኝ። ያን ማታ እሳቱ ዳር አበጋዝ ስለ እጇ ሲያወራ ሳህን ከእጄ ወደቀ፤ እንግዶቹ ሳቁ።»

«ከዚያስ?»

«እስኪነጋ አልተኛሁም። ጎህ ሲቀድ ወንዙን ሊያይ ወጣ፤ ተከተልኩት። ‹ያቺ ልጅ ስሟ ማን ነው?› አልኩት። አላውቅም አለ፤ የኛ አገር ልጅ መሆኗን ግን ባነጋገሯ አውቄያለሁ አለ። ‹ምን አለችህ?› አልኩት። ዝም አለ። አንገቱን ያዝኩት። ‹ወንድሜ፣ አትልቀቀኝ አለችኝ› አለ።»

ከድንኳኑ የቁርኣን ድምፅ ይሰማል። 

«እኅቴ ናት አልኩት። ደነገጠ፤ አለቀሰ። ግን ደግሞ ‹ሁለታችንም እንሞት ነበር› አለኝ። እውነቱን ነው፣ ኢንስፔክተር። እውነት መሆኑን እያወቅሁ ነው የገፋሁት። ወደቀ። ስጠራው አልመለሰም። ጆሮዬን ደረቱ ላይ አደረግሁ፤ ምንም።»

«ወንዝ ልትጥለው ፈለግህ።»

«ፈራሁ። ሰጠመ ይባላል ብዬ እስከ ዳር ጎተትኩት። ዓባይ ወስዶ ሱዳን ያደርሰዋል፤ ማንም አያገኘውም። ልለቀው ስል እናቱ ትዝ አለችኝ። ሴትየዋን አላውቃትም። የኔን እናት ግን አውቃታለሁ። በር ከፍታ ስታድር አውቃታለሁ። ያንን በሌላ እናት ላይ ላደርገው ነው?» እጆቹን ዘረጋ፤ ቆዳቸው በጠፍር የተላጠ ነው። «ተመልሼ ሰደርያ አመጣሁ። ይህን ውኃ አውቀዋለሁ፣ ሰደርያ ያወልቃል፤ ስለዚህ አሰርኩት። ከመልቀቄ በፊት ዱዓ አደረግሁለት። እናቱ ታገኘዋለች ብዬ ነው።»

«ያን ጊዜ እንደምትያዝ አላሰብክም?»

«አሰብኩ። ብያዝስ፣ አልኩ።»

የትምወርቅ የሰማቻቸው ኑዛዜዎች ብዙ ናቸው። የሚዋሹ፣ የሚለማመጡ፣ የሚረግሙ ሰዎች አይታለች። እንደዚህ ያለ አጋጥሟት አያውቅም፤ ጥሩ ምርመራ በመሥራቷ ልትደሰት ሲገባት አንድም ነገር አልተሰማትም፣ ከድካም በቀር። «ተነሥ» አለችው። «በጓሮ በኩል እንውጣ። የአበጋዝ እናት እንዳታይህ።»

«አንድ ነገር» አለ ሲነሣ። «ለእናቴ እኔ ልንገራት?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ሁለቱንም? የሱሀይላንም የእኔንም?»

«ሁለቱንም።»

*

የትምወርቅ ብቻዋን ነው የሄደችው። ካፖርቷን ከደንብ ልብሱ በላይ ደርባ ነበር፤ በሩ ላይ ስትደርስ አወለቀችው። የደንብ ልብሱን መሸፈን መዋሸት መሰላት።

ሙሉሐረግ በዓይኗ ብቻ ጠየቀቻት። የትምወርቅ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት፤ ጀልባዋን፣ ባሕሩን፣ እጇን፣ ከዚያም ቋጥኙንና አህመዲንን። አሮጊቷ አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ ለረጅም ጊዜ ጣቶቿን አንድ በአንድ ስትዳስስ ቆየች።

«ብቻዋን አልነበረችም ማለት ነው» አለች በመጨረሻ። «ሰው ይዛ ነበር።»

«አዎ እትዬ።»

«ወንድሜ አለችው?»

«ወንድሜ አለችው።»

አሮጊቷ ኩታዋን ጭንቅላቷ ላይ ሳበች።  ከዚያ በድንገት ቀና አለች።

«የኔ ልጅ የዚያችን እናት ልጅ ገደለ።»

«ሕግ ይጠይቀዋል እትዬ። እኔ…»

«ይጠይቀው። እኔ ስለ ሕግ አልጠየቅሁሽም። አበጋሮቹን ጥሪልኝ፤ ደም ያደርቃሉ ተብሎ የሚነገርላቸውን ሽማግሌዎች። ድንጋይ ተሸክሜ ደጇ እንበረከካለሁ። ታባርረኝ ይሆናል። ብታባርረኝ ነገም እሄዳለሁ።»

«እጠራለሁ» አለች የትምወርቅ። እንዲህ ያለው ነገር የእሷ ሥራ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ቃሉ ግን ከአፏ ወጥቷል።

«እስኪመጡ የሱሀይላን ለቅሶ እቀመጣለሁ። ከዛሬ በፊት አልቅሼላት አላውቅም።»

ጎረቤቶች የፖሊስ መኪና አይተው መሰብሰብ ጀምረው ነበር። ስለ አህመዲን የሰሙ አሉ፤ ሹክሹክታው ከአጥሩ ውጭ ይሰማል። የመጀመሪያዋ ሴት በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ሙሾ ልታወርድ አፏን ከፍታ ዝም አለች፤ ለማን እንደምታለቅስ አላወቀችም። የትምወርቅን አየች፣ አሮጊቷን አየች።

ሙሉሐረግ ከመሬት ላይ እጇን ዘረጋችላት።

«ግቢ ልጄ። ለሱሀይላ አልቅሱልኝ» አለች። «አህመዲን በሕይወት አለ።»